በር ድረስ ልሸኝሽ

ባገራችን ሰው ይመዘናል። በኪሎ አይደለም። "የኑሮ ሚዛን ቤት" የሚባል ትልቅ መሥሪያ ቤት አለን፤ ሥራው ሕዝቡ ደልቶት እንደሆነ ወይ ከፍቶት እንደሆነ እያጠና ለየከተማው የሚገባውን መወሰን ነው። ድሮ ድሮ ሹሞቻችን የፈለጉትን በፈለጉት ቦታ ነበር የሚሠሩት፤ ለአጎታቸው መንደር መንገድ፣ ለሚስታቸው ዘመድ የውሃ ጉድጓድ። ከዚያ አንድ ደግ ዘመን መጣና "ከእንግዲህ ሕዝቡን እንዴት ነህ ሳንል ድንጋይ አናነሣም" ተባለ። እኔ ያን ቀን እልል ብያለሁ። አሁንም ሐሳቡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ማንም መጥቶ ቢከራከረኝ አልለቀውም።

አንጓች እባላለሁ። ወንዝ ዳር ካለች ከተማ ነኝ፤ ስሟን አልናገርም፤ ብናገርም አታውቋትም። የከተማችን ሰው የታወቀው በአንድ ነገር ነው። "እንዴት ናችሁ?" ሲባል "ደህና ነን፣ ተመስገን" ይላል። ይኼ የትም አለ ትሉ ይሆናል። እንደኛ ግን የለም። አባ ጠና የሚባሉ ጎረቤታችን ቤታቸው በእሳት ተያይዞ ሳለ አንድ መንገደኛ ቆሞ "እንዴት ዋሉ?" ቢላቸው፣ "ደህና፣ ተመስገን፤ ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሎናል እንጂ" አሉት። ከዚያም የሰውየውን ሚስት፣ ልጆች፣ ከብትና አዝመራ ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ ነው ባልዲ ያነሡት። ልጆቻችንን የምናሳድገው በሳቸው ምሳሌ ነው።

ነውር ነዋ! ደጅ የቆመ ሰው ላይ ችግርን እንደ እጣቢ ውሃ መድፋት ምን የሚሉት ባለጌነት ነው? ሰውየው መጀመሪያ ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ይቅመስ። ከዚያ ሊሄድ ሲነሣ "በር ድረስ ልሸኝህ" ይባላል። እየሸኘን፣ አጥሩ ጋ ስንደርስ፣ "ብቻ..." እንላለን። ያን ጊዜ ነው የሆድ የሚወጣው። ካንድ ሰዓት ጨዋታ ይልቅ አጥር ተደግፈን የምናወራው ይረዝማል።

የሚዛን ቤት ሠራተኞች መዛኞች ይባላሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው። መዛኝ አይቀመጥም፣ አይቀምስም፣ ማንም አይሸኘውም። የሰው እንጀራ የበላ መዛኝ ሚዛኑ ያጋድላል ተብሎ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ "እንዴት ናችሁ?" ይላል፣ የሰማውን ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። በዚህ ዓይነት የኛ ከተማ በያመቱ ካገሩ ሁሉ አንደኛ ወጣች።

አንደኛ መውጣት ደግሞ ዋጋ አለው። "ደህና የሆነ ምንም አይጎድለውም፤ ከማይጎድለው ተነሥቶ ለጎደለው ይሰጥ" የሚል ሕግ ወጥቷል። መጀመሪያ የመንገድ መብራታችንን ነቅለው ወሰዱ፤ ዋንጫ ሰጡን። በዓመቱ ወፍጮው ሄደ፤ ሌላ ዋንጫ መጣ፤ በዋንጫው በርበሬ ደለዝንበት። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ደወል ሄደ፤ መምህራኑ ዋንጫ ከዋንጫ እያጋጩ ልጆቹን መጥራት ጀመሩ። ድምፁ እንዲያውም ያምራል ተባለ። ከዚያ የገበያችንን ዋርካ ከነሥሩ ቆፍረው በበሬ አስጎትተው ወሰዱት። በገበያ ቀን ፀሐይ አናታችንን ሲያነደው መዛኙ መጥቶ "እንዴት ናችሁ?" ቢለን፣ "ደህና ነን፣ ብርሃን በብርሃን ሆነናል" አልነው።

ይኼ ሁሉ የሚጫነው ወደ ላይኛው ከተማ ነው። የላይኞቹ ሙያቸው ልቅሶ ነው። የትም ሰው ሲሞት ሙሾ እንዲያወርዱ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ክፋትም የለባቸውም። ወጋቸው ግን የኛ ግልባጭ ነው። እንግዳ ደጅ ቆሞ ሰላም ሲላቸው ሙያቸው የተበላሸ እንዳይመስል በእንባ ነው የሚቀበሉት። መዛኙም እንባውን ጽፎ ይሄዳል። የኛ መብራት በራሳቸው መብራት ላይ ተደርቦ ተተከለላቸውና ዶሮዎቻቸው መቼ እንደሚጮኹ ጠፋቸው። ወፍጮ ካጠገብ ወፍጮ ቆሞ ሲያጓራ ሙሾው አልሰማ አለ። "ኧረ በቃን! ኧረ የት እናድርሰው!" ብለው ቢያለቅሱ፣ መዛኙ "ኀዘናቸው ጠንቷል" ብሎ ጻፈ፤ ተጨመረላቸው። ዘንድሮ ደግሞ ድልድያችን ለነሱ ተወሰነ። የላይኞቹ ወንዝ የላቸውም። ይኼ ለሚዛን ቤት ሲነገር ወንዝ እንዲቆፈርላቸው ታዘዘ።

እስከ ዋርካው ድረስ እኔም ዝም ብዬ ነበር። እንዲያውም አንዱን ዋንጫ ወስጄ ጎመን ዘርቼበት ነበር። ድልድዩ ሲባል ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ ስንዱ ያገባችው ማዶ ነው። አንድ ልጄ ናት። ያለፈው ዓመት ፀንሳ ወረደባት፤ ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ለማንም አልነገርኩም። ዘንድሮ እንደገና ፀነሰች። አዋላጃችን ከተማችን ውስጥ ነው ያለችው፤ ድልድዩን እየተሻገረች ታያታለች። "ወሯ እስኪገባ ካልጋ እንዳትወርድ፣ መንገድም እንዳትነካ፤ ወሯ ሲገባ በቃሬዛ አምጥታችሁ እዚህ ትወልዳለች" ብላ አዝዛለች። ስንዱ ገና ሰባት ወሯ ነበር። ድልድዩ የሚነሣው ክረምት ሳይገባ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ወንዝ በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ስንዱ ወደኔ አትመጣም፣ አዋላጇም ወደሷ አትሄድም። እኔ በዚህ ዳር ቆሜ ልጄ በዚያ ዳር ስትጮህ ልሰማ ነው እንግዲህ።

ሮጬ ቢያድግልኝ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ቢያድግልኝ የከተማችን አፈ ደህና ነው። በሕዝቡ ስም "ደህና ነን" የማለት ሹመት ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ካባ አለው። አብረን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ አንቱ አልለውም።

"ቢያድግልኝ፣ አንተ ሰው፣ ድልድዩን ሊወስዱት ነው እኮ!"

"ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። የዘንድሮው ዋንጫ ባለ ሁለት ጆሮ ነው አሉ።"

"ጆሮውን ይንቀለው! ልጄስ?"

"ስንዱ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ ተመስገን" አልኩ። አያችሁልኝ? አፌ ቀደመኝ።

"ታዲያ ደህና ከሆነች ምን ያንጫጫሻል?" አለና ካባውን አስተካከለ። "አንጓች፣ ይኼ ስም እኮ ያባቶቻችን ስም ነው። ዛሬ ደህና አይደለንም ብለን ብናስጽፍ ነገ ልጆቻችንን ማን መጥቶ ያገባቸዋል?"

"ድልድይ ከሌለ በምን ተሻግሮ ይመጣና ያገባቸዋል?" ብዬው ወጣሁ። እሱ ግን ካባውን አላወለቀም።

አንድ ተስፋ ቀረችኝ። ሕጉ ትልቅ ነገር ከመነሣቱ በፊት "ማጽኛ ምዘና" ይደረግ ይላል፤ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠየቃል። እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። መዛኙ ሲመጣ ዓይኑን እያየሁ "ደህና አይደለሁም" እለዋለሁ አልኩ። አፌ እንዲለምድ በረት እየገባሁ ለላሜ ነገርኳት። "እንዴት ነሽ አንጓች?" እላለሁ በሷ ፋንታ፤ "ደህና አይደለሁም!" እላለሁ በራሴ ፋንታ። ላሟ አልደነገጠችም። ቀለል ብሎኝ ነበር።

መዛኟ መጣች። ወይዘሪት አዜብ ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ጫማዋ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ደጄ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እንዴት ነዎት እማማ?"

አፌን ከፈትኩ። "ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? እናትሽ ደህና? አባትሽ ደህና? መንገዱስ እንዴት ነበር? ቀዬው ሁሉ ሰላም?" ወረደ፣ ወረደ፣ ማቆም አልቻልኩም። ልጅቷ "ደህና" ብላ ጻፈች። ምላሴን ቆርጬ ለዶሮ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

ልትሄድ ዘወር ስትል በረዶ ጣለ። የጠጠር መዓት ነው የወረደው። እጇን ይዤ ወደ ቤት ጎተትኳት።

"ተቀመጪ ልጄ።"

"አይ፣ ሕጉ አይፈቅድም። ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"እንግዲያው ቆሎ ቅመሺ።"

"ሕጉ አይፈቅድም፣ እማማ።"

ቆመች። በረዶው አላቆመም፤ እሷም አልተቀመጠችም። ቤቴ መሐል እንደ ምሰሶ ተገትራ ባንድ እግሯ ስታርፍ፣ በሌላው ስታርፍ አየኋት። በመጨረሻ ተናደድኩ። "ስሚ! እኔ ደጄ የመጣን ሰው አቁሜ አላውቅም። ሕግሽ ቤቱ ይቀመጥ፣ አንቺ እዚህ ተቀመጪ!" አልኳት። ደንግጣ ነው መሰለኝ ዱብ አለች። ቆሎውንም ዘገነች። መጀመሪያ አንድ አንድ ፍሬ፣ ኋላ በጭብጧ።

ስለ ምንም ስለ ምንም ተጫወትን። በረዶው ሲያባራ ተነሣች። "በር ድረስ ልሸኝሽ" አልኳት፤ እንቢ ልትል ስትል ነጠላዬን አጣፍቼ ቀድሜ ወጥቼ ነበር። አጥሩ ጋ ደረስን። እጄን አጥሩ ላይ ጣል አደረግኩ።

"ብቻ..." አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስታወስ ይቸግረኛል። ስንዱን ነገርኳት። የወረደባትን ነገርኳት፣ አልጋ ላይ መዋሏን ነገርኳት፣ ወንዙን ነገርኳት፣ እንቅልፍ ካጣሁ መሰንበቴን ነገርኳት። እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። ልጅቷ ብዕሯን ዝቅ አደረገች።

"እማማ አንጓች፣ ቅድም ስጠይቅዎ ደህና ነኝ አላሉም?"

"ታዲያ ደጅ ቆመሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ? ሳላውቅሽ ልቅሶ ልቀመጥብሽ?"

"ቆይ፣" አለች፣ ግንባሯን ይዛ። "ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው?"

"ባለጌ የለብንም ልጄ" አልኳት።

ጎበዝ ልጅ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ያሰበችው እሷ ናት። ጎረቤቴ ቤት ተመልሳ ሄደችና ራሷ "ልቀመጥ?" ብላ ጠየቀች። በላች፣ ተጫወተች፣ ተነሣች፤ ተሸኘች። አጥሩ ጋ "ብቻ..." ተባለላት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት። በየቤቱ ስለተጎራረሰች መራመድ እስኪያቅታት ጠግባለች፤ ግን አላቆመችም። ያን ሰሞን ከተማችን ሥራ ፈታ አዜብን ስትሸኝ ሰነበተች። አንዱ ሸኝቶ ሳይመለስ ሌላው ይቀበላታል።

ያም አልበቃት፤ ላይኛው ከተማ ወጣች። እዚያም በእንባ ተቀበሏት፤ እሷ ግን ተቀመጠች። የሙሾ አውራጆቹ አለቃ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው፤ ድምፃቸው ድንጋይ ያስለቅሳል። እሳቸው ሲሸኟት አጥሩ ጋ ቆም ብለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ብቻ ተመስገን ነው፣ ምን ጎደለብን ልጄ፤ ይልቅ የሰው ንብረት ታቅፈን መኖር ከበደን። እባክሽ ለታችኞቹ መልሱላቸው። ደግሞ ያ የሚቆፈረው ወንዝ ጓሮዬን ወሰደው" አሏት። ይኼን ሲናገሩ እንባ አልነበራቸውም አለችኝ። አዜብ በዚህ ነው ነገሩ የገባት፤ ደጅ ላይ የሚባለው በየከተማው ወግ ነው፣ ኑሮ አይደለም።

ዋንጫው የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሊቀ ሚዛኑ ራሳቸው ከዋናው ከተማ በድልድዩ ተሻግረው መጡ። የመዛኞች ሁሉ የበላይ ናቸው፤ ረጅም ሰው ናቸው፣ ወንበር ቀርቦላቸው አልተቀመጡም። ድልድይ አፍራሾቹም መዶሻና ጉጠታቸውን ይዘው ድልድዩ ላይ ተሰለፉ። ትእዛዛቸው "ዋንጫው እንደተሰጠ ይጀመር" ይላል።

አዜብ ከሕዝቡ ፊት ወጥታ ያገኘችውን ሁሉ ተናገረች። አንዱንም አላስቀረችም። ሊቀ ሚዛኑ በትዕግሥት ሰሟት።

"ተቀምጠሽ ነው የጠየቅሻቸው?"

"አዎ፣ ክቡርነትዎ።"

"ቀምሰሻል?"

"ቆሎ። በኋላ ደግሞ... ሁሉንም።"

"የተቀመጠ መዛኝ ያመጣው መልስ አይቆምም" አሉ። "ለማንኛውም ሕዝቡ ይኸው፤ እኔው እጠይቃለሁ።" ወደኛ ዞሩና በዚያ ከባድ ድምፃቸው "እንዴት ናችሁ?" አሉ።

"ደህና ነን! ተመስገን!" አልን ባንድ አፍ። እኔም ጮክ ብዬ ብያለሁ፤ ምን ላድርግ። ቢያድግልኝ ካባውን እያርገበገበ "እጅግ በጣም ደህና!" ብሎ ጨመረበት። ዋንጫው ባለ ሁለት ጆሮ ነበር፣ እውነት ነው። ቢያድግልኝ እጅ ላይ እንዳረፈ ከድልድዩ የመዶሻ ድምፅ ሰማን።

አዜብን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። የስንዱ ፊት መጣብኝ። ሊቀ ሚዛኑ ሊሄዱ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ሲያዞሩ ግን ነጠላዬን አጣፋሁና ፊታቸው ቆምኩ።

"ክቡርነትዎ፣ ልሸኝዎ።"

"መዛኝ አይሸኝም።"

"መዛኝ አይሸኝም፤ እርስዎ ግን ዋንጫ ይዘው የመጡ እንግዳችን ነዎት" አልኩ። ከኋላዬ "እውነቷን ነው! እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም!" የሚል ድምፅ ተነሣ። ነውር ነዋ! ከተማው በሙሉ ብድግ አለ። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ፣ ሁሉም "በር ድረስ፣ በር ድረስ" እያለ ተከተለን። ከተማ ደግሞ አጥር የለውም፤ በሩ ድልድዩ ነው።

ደረስን። አፍራሾቹ ትጉሆች ናቸው፤ ከመሐል ጀምረው ጣውላውን ነቅለው ዳር ላይ ከምረውታል። ሊቀ ሚዛኑ ቆሙ። ወዲያ ማዶ መንገዳቸው ይታያል፤ መሐሉ ላይ ወንዙ ይታያል። ሰውየው በገዛ ትእዛዛቸው መሻገሪያ አጡ። በኛ ወግ ደግሞ እንግዳ ውሃውን ሳይሻገር ሸኚ አይመለስም።

የድልድዩን መደገፊያ ያዝኩ።

"ብቻ..." አልኩ።

ነገርኳቸው። ለአዜብ እንደነገርኳት ሁሉንም። ጣቴን ወደ ማዶ ዘርግቼ "ያ ቤት ይታይዎታል? ልጄ እዚያ ተኝታለች" አልኳቸው። "ያንን ጣውላ ሲነቅሉ ድምፁ እሷ ጋ ይሰማል።" ከጎኔ ሌላዋ ቀጠለች፤ "ብቻ ክቡርነትዎ፣ ወፍጮው ከሄደ ወዲህ ትከሻዬ አልነሣ ብሏል።" መምህሩ "ብቻ ዋንጫው ተሰነጠቀ፣ ልጆቹ አይሰሙንም" አለ። አባ ጠና እንኳ ተጠግተው "ብቻ ያን ጊዜ ቤቴ ሲቃጠል በጣም አዝኜ ነበር" አሉ። እኚህ ሰው ይኼን ለማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ነው የጠበቁት።

ከዚያ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ "ብቻ..." አለ። ቢያድግልኝ ነበር። ባለ ሁለት ጆሮውን ዋንጫ አቅፎታል። "ብቻ መብራቱ ከሄደ ወዲህ ሲመሽ መንገድ አይታየኝም። ቦይ ውስጥ ወድቄ ወገቤ ተሰብሯል። ካባውን የማላወልቀው መቀነቱ እንዳይታይብኝ ነው።" ካባውን ገለጥ አደረገ። ወገቡ በጨርቅ ተጠፍሯል። ጉድ! አብሮ አደጌ እንዲህ ሆኖ ለኔ እንኳ ደህና ነኝ ሲለኝ ነበር የከረመው።

ሊቀ ሚዛኑ አንዴ ቢያድግልኝን፣ አንዴ ወንዙን አዩ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። እኛም አልመለስንም፣ እሳቸውም አልተሻገሩም። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ።

"ብቻ..." አሉ። የሳቸው ድምፅ መሆኑን አላመንንም። "ብቻ እኔም እግሬ አልቋል። ስንት ዘመን ቆሜ ጠየቅኩ፤ አንድ ሰው ተቀመጥ ብሎኝ አያውቅም።"

"ኧረ በየደጁ ስንል ኖረናል! ሕግዎ ነው እንቢ ያለው!" አልኳቸው።

"እንግዲያው ዛሬ ሕጉ ይቆየኝ" አሉና የተከመረው ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። አንዷ ቆሎ አቀበለቻቸው፤ ዘገኑ። አዜብን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧትና ያመጣችውን ሁሉ እንደገና ስታወራ ሰሟት። አሁን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ስትጨርስ ወደ አፍራሾቹ ዞረው "ጣውላውን መልሳችሁ ምቱት" አሉ።

አፍራሾቹ ተያዩ። "ክቡርነትዎ፣ ጣውላው ላይ ተቀምጠዋል።"

ያን ጊዜ የተነሣው ሳቅ ማዶ ተሰምቷል፤ ስንዱ ነግራኛለች። እሷ እንኳ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ስቃለች። ሊቀ ሚዛኑ ሳይሻገሩ ሕጉን ለወጡት፤ መዛኝ ይቀመጣል፣ ይቀምሳል፣ እስከ አጥር ይሸኙታል፣ የሚጽፈውም አጥሩ ጋ የሰማውን ነው አሉ። እልልታችን ወንዙን አስረሳው። ቢያድግልኝ ወገቡን ይዞ ጨፈረ፤ "ወገቤ!" እያለ ነው የጨፈረው፤ አሁን በግልጽ ነው የሚለው።

ወፍጮው ተመለሰ። መብራቱ ተመለሰ። ደወሉን የላይኞቹ ራሳቸው ተሸክመው አመጡት፤ ወይዘሮ ዘነቡ ከፊት እየመሩ በሙሾ ዜማ የደስታ ግጥም እየደረደሩ። ዋርካው ብቻውን ቀረ፤ እዚያ ሥር ሰዷል። በገበያ ቀን ወጥተን ጥላው ሥር እንቀመጣለን፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል። የተቆፈረው ወንዝ ሽንኩርት ያጠጣል፤ ዓሣ እንዲገባበት ደግሞ አሁንም እየተለቀሰ ነው። በሌላው አገርም መዛኞች ተቀምጠው መጠየቅ ጀመሩና ስንት ጉድ ወጣ፤ መንገድ ያለው መንገድ ሲቀበል፣ ውሃ የሌለው ዋንጫ ሲቀበል ነበር የኖረው። አሁን ውሃ ውሃ ለጠማው ይሄዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው ብያችሁ አልነበር?

የስንዱ ወር ገባ። ወንዙም ሞልቶ እያገሳ ነበር። ባሏና ሊያግዙ የመጡ የላይኛው ከተማ ጎረምሶች በቃሬዛ አነሷት፤ እኔ ከጎኗ እጇን ይዤ ነበር። መሐሉ ላይ፣ ጣውላው ተነቅሎ የተመለሰበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ከሥራችን ውሃው ጉድ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣውላው አንዴ ሲጥ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። አዋላጇ ወዲህ ዳር ቆማ እጇን ታጥባ ትጠብቀን ነበር። ምጡ ጠናባት፤ ልጄ ስትጮህ ሰማሁ። የሰማሁት ግን እጇን ይዤ ነው። ሴት ልጅ ተወለደች። ጮኸች፤ ከጎረምሶቹ ጋር የመጡት ወይዘሮ ዘነቡ እንኳ "ይኼስ ድምፅ ነው!" አሉ።

አዜብ አራስ ልትጠይቅ መጣች። በዚያው የዓመቱ ምዘና ስለነበር ብዕሯን ይዛለች። ደጄ ላይ ቆማ "እንዴት ናችሁ?" አለች።

"ደህና ነን፣ ተመስገን" አልኩ።

ሳቅ አለችና ሳትጽፍ ገባች። ተቀመጠች፣ ገንፎ በላች፣ ልጅቷን አቀፈች። ልትሄድ ስትነሣ "በር ድረስ ልሸኝሽ" አልኳት። አጥሩ ጋ ደረስን፤ ብዕሯን አወጣች፤ እኔ ግን አልቆምኩም። መንገዱን ተያያዝነው። ገበያውን አለፍን፣ ወፍጮውን አለፍን፣ ድልድዩ ላይ ወጣን። መሐሉ ላይ ቆምኩና መደገፊያውን ያዝኩ። ከሥራችን ወንዙ እንደጉድ ይሄዳል።

"እሺ፣ እማማ አንጓች፤ ብቻ...?" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"ብቻ የለውም" አልኳት። "ደህና ነን። እውነቴን ነው፣ ደህና ነን! እዚህ ድረስ የመጣሁት ይኼንን ላስጽፍሽ ነው።"

ጻፈችው። ቆሜ እስክትሻገር ጠበቅኩና ተመለስኩ፤ ለስንዱ አጥሚቱን እሳት ላይ ትቼው ነበር።